ከአዲስ አበባ ዳር የሰርጓጅ ሞዴል ለመሥራት፦ የትኛዋ ጀልባ ለየትኛው ውሃ?

ሰርጓጅ መርከብ ልሠራ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚያሳየኝ የመርከቧን ፎቶ ነው። እኔ ደግሞ ፎቶውን ሳላይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ የት ነው የምታጠልቃት? ብዙዎቹ ለጊዜው ዝም ይላሉ። የቧንቧው ስፋት፣ ውሃ የሚሞላበት ዘዴ፣ የሪሞቱ ዓይነት የሚወሰነው ግን በዚህ መልስ ነው። እኔም ይህን የተማርኩት አንድ ጀልባ ከጠፋችብኝ በኋላ ስለሆነ ሌላው ሰው በዚያው መንገድ ባይማረው ደስ ይለኛል።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ባሕር የለንም፤ ባሕር በነበረን ዘመንም ምጽዋ ላይ የነበረው ባሕር ኃይላችን ሰርጓጅ ኖሮት አያውቅም። ፍቅሩ የገባብኝ ብሎካችን ውስጥ ከሚኖሩ አዛውንት ነው። ጋሼ ወጣትነታቸውን በባሕር ኃይል አሳልፈዋል፤ በደርግ ጊዜ ሶቪየቶች ዳህላክ ውስጥ ኖክራ ደሴት ላይ የጥገና ጣቢያ ስለነበራቸው ሰርጓጆች ሲገቡና ሲወጡ በዓይናቸው አይተዋል። የመጀመሪያ ሥራዬን ሳሳያቸው ስለ መልኳ አንድም ቃል ሳይናገሩ “ሁሉ ነገር ሲበላሽባት በምን ትወጣለች?” ብለው ጠየቁኝ። ከዚህ በታች የማነጻጽረውን ሁሉ የምመዝነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ውሃው

ብዙ ሰው እጁ ላይ ያለው በርሚል ነው። ባለ 200 ሊትሩ ቁመቱ 88፣ ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። በኦሞ ደጋግማችሁ ካጠባችሁት ለሙከራ ይበቃል፤ ነገር ግን 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት ጀልባ እዚያ ውስጥ ወደ ፊት የምትሄድበት ቦታ የላትም። ቀጥ ብላ ትወርዳለች፣ ቀጥ ብላ ትወጣለች። ሮቶ ይሻላል የምትሉ እባካችሁ ተዉት። የቤተሰብ መጠጥ ውሃ ነው፤ ጀልባው ውስጥ ደግሞ እርሳስና ግራሶ አለ።

ግቢ ያለው ሰው ጉድጓድ ቆፍሮ ወፍራም ላስቲክ ሊያነጥፍበት ይችላል። 3 ሜትር ርዝመት፣ 1 ሜትር ወርድ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ቢሆን 2,400 ሊትር ይይዛል፤ ይህም ማለት 120 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከቧንቧ መሙላት ጎረቤትን ማስቀየም ነው። በክረምት ከጣራ የሚወርደውን መቀበል ይሻላል። ስትጨርሱ በጣውላ ክደኑት፤ ለሕፃን ልጅ 80 ሴንቲ ሜትር ውሃ ብዙ ነው።

እንደኔ ከሁሉም የሚበልጠው የሆቴል ዋና ገንዳ ነው። ውሃው ጥርት ያለ ስለሆነ ጀልባዋን ከታች ታዩዋታላችሁ፤ ብትሰምጥም ዋናተኛ ያወጣታል። በሥራ ቀን በማለዳ፣ ጀልባዋን አጽድታችሁና ዘይት እንደማታንጠባጥብ በሳፋ ውሃ አሳይታችሁ ብትጠይቁ እሺ የሚል ሥራ አስኪያጅ አይጠፋም።

ገፈርሳ፣ ለገዳዲና ድሬ የከተማው መጠጥ ውሃ ስለሆኑ ከምርጫው ውጪ ናቸው። አባ ሳሙኤል ደግሞ የአቃቂ ወንዝ የከተማውን ቆሻሻ ሁሉ ይዞ የሚገባበት፣ እንቦጭ የወረረው ውሃ ነው፤ እጅ የሚነከርበት አይደለም። የድንጋይ ካባ ጉድጓዶች ላይ ክረምት የሚጠራቀመውን ውሃ በተመለከተ ልመናዬ አንድ ነው፤ አትጠጉት። ጠርዙ ይናዳል፣ ጥልቀቱ አይታወቅም፣ በየዓመቱ ልጆች ይሰምጡበታል።

የሚቀረው ቢሾፍቱ ነው። ሐይቆቹ የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ስለሆኑ ከዳር ትንሽ ራቅ ሲባል ገደል ነው። ሆራ 38፣ ባቦጋያ 65፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ገደማ ይጠልቃሉ። ስፋቱ ለሩጫ ግሩም ነው፤ የሰመጠውን ግን አይመልስም።

ውሃ የምትጠጣ ወይስ በክንፍ የምትጠልቅ?

ትልቁ ምርጫ ይህ ነው። ውሃ የምትጠጣዋ ሆዷ ውስጥ ባለው ባላስት ታንክ ውሃ አስገብታ ክብደቷን ትጨምርና ቆማ ሳለች ትጠልቃለች። በክንፍ የምትጠልቀዋ ባላስት የላትም፤ ሁልጊዜ ለመንሳፈፍ ትንሽ ታደላለች። ወደ ፊት ስትሮጥ ክንፎቿ ወደ ታች ይጫኗታል፣ ስትቆም በራሷ ትወጣለች።

የጋሼን ጥያቄ ካነሳን ሁለተኛዋ ታሸንፋለች። ሞተሩ ቢቃጠል፣ ባትሪው ቢያልቅ፣ ውሃ በብዛት እስካልገባባት ድረስ ከላይ ታገኟታላችሁ። ሥራዋም ቀላል ነው፤ አንድ ሞተር፣ ሁለት ሰርቮ (ክንፍ የሚያዘነብል ትንሽ ሞተር)፣ ክንፎች። ስለዚህ ሐይቅ ወይም ትልቅ ገንዳ ለሚደርስ ጀማሪ እሷን እመክራለሁ። ነገር ግን ለመጥለቅ ብዙ ሜትር መንደርደሪያ ትፈልጋለች። በበርሚል ውስጥ ምንም አታደርግም፣ ባለ 3 ሜትሩ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አፍንጫዋን ደፋ ሳታደርግ ግድግዳው ይደርሳል። ውሃው ጠባብ ለሆነበት ሰው፣ ማለትም ለብዙዎቻችን፣ ያለው ምርጫ ውሃ የምትጠጣዋ ናት።

እውነቱን ለመናገር የሰርጓጅን ውበት የምታሳየውም እሷ ናት። ቆማ እያለች ውሃው በጀርባዋ ላይ ቀስ ብሎ ሲገጥም፣ ከዚያ ማማዋ ብቻ ቀርቶ እሱም ሲጠፋ ያየ ሰው ወደ ሌላው ዓይነት መመለስ ይከብደዋል።

አሁን ሂሳቡን እንሥራ። 75 ሚሊ ሜትር የፒቪሲ ቧንቧ በ40 ሴንቲ ሜትር ብትቆርጡ ሁለቱ ጫፎች ሲዘጉ 1,767 ሚሊ ሊትር ውሃ የሚገፋ ገላ ይሆናል። ስለዚህ ለመጥለቅ 1 ኪሎ ከ767 ግራም መመዘን አለበት። ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ትልቁ ሲሪንጅ 60 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ይህ የክብደቷ 3.4 በመቶ ነው፣ ይበቃል። ሰው ሁሉ የሚያምረው ባለ 110ው ቧንቧ በ50 ሴንቲ ሜትር ግን 4 ኪሎ ከ750 ይሆናል፤ ያው ሲሪንጅ 1.3 በመቶ ብቻ ነው። ተንሳፍፋ እያለች እንኳ ጀርባዋ ለአመል ያህል ብቅ ይላል እንጂ መርከብ አትመስልም። ሰፊ ቧንቧ መርጣችሁ ትንሽ ባላስት መግጠም የጀማሪ ሁሉ ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ።

የጎደለውን ክብደት የምትሞሉት በእርሳስ ነው። ጎሚስታ ዘንድ ከጎማ ባላንስ የወለቀ እርሳስ በርካሽ ይገኛል። ከሆዷ ሥር፣ በተቻለ መጠን ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ከላይ ከሆነ ጀልባዋ ትገለበጣለች። ከነካችሁት በኋላ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሚዛኑ በግራም የሚለካ ይሁን። በኅዳርና ታኅሣሥ ጧት በርሚል ውስጥ 10 ዲግሪ ባለው ውሃ በልክ ያስተካከላችኋት ጀልባ ከሰዓት 25 ዲግሪ ወዳለው ገንዳ ብትገባ፣ ሞቃቱ ውሃ ቀለል ስለሚል 5 ግራም ያህል ትከብዳለች። ጧት የተንሳፈፈችው ከሰዓት ወለል ላይ የምትገኘው በዚህ ነው።

ሲሪንጅ፣ ፓምፕ ወይስ ጋዝ

ሲሪንጁን የሚስበውና የሚገፋው ትንሽ ሞተር ነው፤ ሞተሩ ሙሉ ጥርስ ያለው ዘንግ ያዞራል፣ በዘንጉ ላይ ያለው ዳዶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሄዳል። ከተጣለ ፕሪንተር የሚወጣው ሞተር በቂ ነው። ትልቁ ጥቅሙ የትም ላይ መቆም መቻሉ ነው፤ 37 ሚሊ ሊትር ከፈለጋችሁ እዚያው ይቆማል፣ ሲቆምም ውሃው አይንቀሳቀስም። ሁለቱ ጫፎች ላይ ሞተሩን የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ካልተገጠመ ግን አንድ ቀን ሞተሩ ፒስተኑን ይሰብረዋል። የሲሪንጁ ጎሚኒም ለረጅም ጊዜ ሳይሠራ ከተቀመጠ ይጣበቃል፤ በሲሊከን ዘይት አለስልሱት። የዚህ ዘዴ ደካማ ጎን ለጋሼ ጥያቄ መልስ የሌለው መሆኑ ነው። ባትሪው ካለቀ ሲሪንጁ ውሃ እንደያዘ ይቀራል። በበርሚልና በገንዳ ይህ ችግር አይደለም፤ እጅ ወይም ዋናተኛ አለ። በሐይቅ ግን ችግር ነው።

ፓምፑ ደግሞ የመኪና መስታወት ውሃ የሚረጨው ትንሹ ፓምፕ ነው፤ ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ውሃውን ወደ ለስላሳ ከረጢት ያስገባል፤ ለዚህ ባዶ የግሉኮስ ከረጢት የሚጠቀሙ አሉ። ግማሽ ሊትርም ሆነ አንድ ሊትር መያዝ ስለሚችል ለባለ 110ው ቧንቧ የሚሆነው እሱ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ነገር ግን ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው በውስጡ ተመልሶ ስለሚፈስ መዝጊያ ቫልቭ ያስፈልገዋል፣ ምን ያህል እንደገባም በትክክል አይታወቅም። ለሁለተኛ ጀልባ ይሁን።

ጋዝ ፈጣን ነው። እውነተኛ ሰርጓጆችም ውሃቸውን የሚያስወጡት በታመቀ አየር ነው፤ ጀልባዋ ተስፈንጥራ ስትወጣ ማየት ልብ ያሞቃል። ሆኖም አንድ ነገር አጥብቄ እላለሁ፤ የላይተር መሙያ ጋዝ አትጠቀሙ። ተቀጣጣይ ነው፤ ተራ ሞተር ደግሞ ሲዞር ውስጡ ብልጭታ ያወጣል፤ ሁለቱም በአንድ የተዘጋ ቧንቧ ውስጥ ናቸው። በብስክሌት መንፊያ የታመቀ አየር ይሻላል፤ ከአንድ ወይም ሁለት ጊዜ በላይ ባያወጣትም ለአደጋ ጊዜ ብቻ ማስቀመጥ ይቻላል። ለሐይቅ የምትሠሩ ከሆነ ሲሪንጁን ለሥራ፣ የታመቀውን አየር ለክፉ ቀን ማጣመር የማውቀው ምርጡ መፍትሔ ነው።

እዚህ ላይ ከባሕር ጠረፍ አገር የሚመጡ መመሪያዎች የማይነግሩን ነገር አለ። ከ2,200 ሜትር በላይ ነው የምንኖረው፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። የውሃው ክብደት ግን ያው ነው። ስለዚህ ታንኩ ከሥሩ ክፍት ሆኖ አየር ብቻ የሚይዝ ከሆነ ወይም ፊኛ ብትጠቀሙ አየሩ በባሕር ጠረፍ ካሉት ሰዎች ይልቅ እኛ ጋ በበለጠ ፍጥነት ይጨመቃል። በባሕር ጠለል አየር በግማሽ የሚቀንሰው 10 ሜትር ላይ ነው፤ እኛ ጋ 8 ሜትር ሳይሞላ ነው። አንድ ሜትር ላይ እንኳ እነሱ 9 በመቶ ሲያጡ እኛ ከ11 በመቶ በላይ እናጣለን። ጀልባዋ በወረደች ቁጥር ትከብዳለች፣ በከበደች ቁጥር ትወርዳለች። ጠንካራ ቧንቧ ውስጥ ያለ ሲሪንጅ ይህ ችግር የለበትም፤ ደጋ ላይ ሲሪንጅን የማስቀድምበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው። ለማንሳፈፊያ የሚገባውም ለስላሳ ስፖንጅ ሳይሆን ጠንካራ ስታይሮፎም ይሁን።

ሱሉልታ ወይም እንጦጦ ግርጌ የምትኖሩ ሰዎች ጀልባችሁን ቤት ዘግታችሁ ወደ ቢሾፍቱ አትውሰዱ። ቁልቁል ስትወርዱ የውጪው ግፊት ስለሚጨምር ጀልባዋ ውሃ ሳትነካ ከግማሽ ሜትር በላይ ጥልቀት ውስጥ እንዳለች ያህል ትጨመቃለች፤ ሐይቁ ላይ ገና ሳትጠልቅ በደካማው ጎሚኒ በኩል ውሃ ትስባለች። ክዳኑን ውሃው ዳር ግጠሙት።

ሪሞቱ

ያቺን ጀልባ ያጣሁት ባቦጋያ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ በብዛት ያለው ሪሞት 2.4 ጊጋ ኸርዝ ነው፤ በአየር ላይ በጣም ጥሩ ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሳይሄድ ይሞታል። አንቴናዬ ጀልባዋ ውስጥ ነበር። ጀልባዋ ክንፏን ወደ ታች እንዳዘነበለች ሲግናሉ ተቋረጠ፣ መቀበያው የመጨረሻውን ትእዛዝ ይዞ ቀረ፣ ሞተሩም መዞሩን ቀጠለ። በክንፍ የምትጠልቅ ስለነበረች ሞተሩ ቢቆም ኖሮ ትወጣ ነበር። አልቆመም። ውሃው አረንጓዴ ስለሆነ ከሁለተኛው ሜትር በታች ምንም አላየሁም። እስኪመሽ ጠበቅኩ።

ከዚያ ወዲህ ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው ይህ ነው። የድሮዎቹ 27 እና 40 ሜጋ ኸርዝ ሪሞቶች ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ጥቂት ሜትር ያልፋሉ፤ ያገለገለ ካገኛችሁ አትለፉት። የቢሾፍቱ ሐይቆች ሶዳማ ስለሆኑ ግን ርቀቱ ከገንዳ ያነሰ ነው፤ ማዕድን ያለበት ውሃ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ሬድዮውን ይውጠዋል። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም፤ አሜሪካ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ላሉ ሰርጓጆቿ መልእክት ለመላክ ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. በ76 ኸርዝ የሚሠራ ግዙፍ ማሰራጫ ዊስኮንሰንና ሚሺጋን ውስጥ ነበራት። በ2.4 መሥራት ግድ ከሆነባችሁ አንቴናውን በቀጭን ገመድ አውጥታችሁ በትንሽ ቡሽ ላይ አንሳፉት፤ ቡሹ ከጀልባዋ ጀርባ ይከተላል። ሲግናል ሲጠፋ ሞተሩን አጥፍቶ ክንፉን ወደ ላይ እንዲያደርግም መቀበያውን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። አብዛኞቹ አዳዲስ መቀበያዎች ይህን ያደርጋሉ፤ የእኔም ያደርግ ነበር፣ አላስተካከልኩትም።

ለበርሚልና ለጉድጓድ ከሁሉም የሚሻለው ሽቦ ነው። የኔትወርክ ገመድ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦ አለ፤ ሪሞት፣ መቀበያ፣ ወጪው ሁሉ ይቀራል፤ ጀልባዋንም ስባችሁ ታወጧታላችሁ።

የማንን መርከብ?

አሁን ወደ ፎቶው እንመለስ። ለመሥራት የሚቀለው እንደ አሜሪካዋ አልባኮር ያለ የውሃ ጠብታ ቅርጽ ነው። ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሞከረችው ይህች መርከብ መጀመሪያ ላይ አንድ ፕሮፔለር ብቻ ነበራት፣ ገላዋ ክብ ነው፣ ውሃ ውስጥ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። የሶቪየቷ ፎክስትሮት በጣም ታምራለች፤ ግን 91 ሜትር ርዝመት ላይ ወርዷ 7.5 ሜትር ነው፣ በ1 ለ 100 ስትሠሯት ባለ 75ው ቧንቧ ራሱ ወርዷን ይጨርሰዋል። ደግሞ ሦስት ፕሮፔለር አላት፤ ሦስት ዘንግ ማለት ሦስት ውሃ የሚገባበት ቀዳዳ ማለት ነው።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ 17 ሰርጓጆችን በአንድ ንድፍ ሠርታ ከወረረቻቸው አገሮች በወሰደቻቸው ስሞች ጠራቻቸው። አድዋ፣ አክሱም፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ደሴ፣ ተምቤን፣ አላጌ፣ አራዳም፣ አሸንጌ፣ ነገሌ፣ ደገሃቡር፣ ዋቢ ሸበሌ፤ ሁሉም የብረት ሰርጓጅ ነበሩ። አንድ ወዳጄ የወራሪ መርከብ በቤቴ አላስገባም ብሎ አልባኮርን መረጠ፤ ስሜቱ ይገባኛል። እኔ ደግሞ የምሠራት ስማችን በማን ፈቃድ እዚያ እንደተጻፈ ልጆቼ እንዲጠይቁኝ ነው። የ17ቱ ዕጣም መነገር አለበት፤ ከጦርነቱ የተረፈችው አላጌ ብቻ ናት። አክሱም በነሐሴ 1942 እ.ኤ.አ. ወደ ማልታ ይሄድ ከነበረ የእንግሊዞች የመርከብ አጀብ ውስጥ በአንድ ጊዜ በተኮሰቻቸው አራት ቶርፔዶዎች ሦስት መርከቦችን መታለች። መቀሌ ደግሞ ከምጽዋ ወጥታ ቀናት ሳይሞላት፣ ከአየር ማቀዝቀዣዋ ያፈተለከ ሜቲል ክሎራይድ መርከበኞቿን መርዞ አእምሯቸውን አሳታቸው፤ ሰኔ 15 ቀን 1940 እ.ኤ.አ. ሱዳን ጠረፍ አጠገብ ካለ የኮራል ድንጋይ ላይ ወጥታ ቀረች።

ለሠሪ ሲታይ ንድፉ ለእኛ ምቹ ነው። ርዝመቷ 60.18፣ ወርዷ 6.45 ሜትር ነው። በ1 ለ 72 ስትሠራ 84 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 9 ሴንቲ ሜትር ወርድ ይኖራታል፤ ባለ 75ው ቧንቧ ውስጧ በልክ ይገባል። ቅርፊቱን ከቧንቧው ውጪ ሠርታችሁ ውሃ በነፃ እንዲገባበት ታደርጋላችሁ። ከመርከቧ ወለል ሥር አየር የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ካልተበሱ ግን የተያዘው አየር አያጠልቃትም። ሁለት ፕሮፔለር አላት፤ በርሚል ውስጥ አትተኛም፤ በጉድጓድ ቆማ ብቻ የምትጠልቅ ከሆነ ግን አንዱም አያስፈልግም፣ ለይምሰል ይለጠፉ።

የምትመርጡት ምንም ይሁን፣ ሞተርና ባትሪ ከመግጠማችሁ በፊት ባዶውን ቧንቧ በሶፍት ሙሉት። ክዳኑን በጎሚኒው ግጠሙና ከባድ ድንጋይ አስራችሁ በርሚሉ ሥር አሳድሩት። ጧት ስትከፍቱት ሶፍቱ የረጠበው በየት በኩል እንደሆነ ተመልከቱ፤ ጫፉ ላይ ከሆነ ጎሚኒው ነው፣ መሃል ላይ ከሆነ ለዘንግ የበሳችሁት ቀዳዳ ነው። የእኔ የአሁኗ ጀልባ አራት ሌሊት እንዲህ አድራለች፤ ሶፍቱ ደርቆ የወጣው በአራተኛው ነው።